ጎታ የሌለው ቤት

አማቴ ሚስቴን ከቤቴ ወሰደብኝ። አልመታኋትም፣ አላስራብኋትም። ጥፋቴ ቤቴ ውስጥ ጎታ አለመኖሩ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ቀሐ ወንዝ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበርሁ፤ ደሞዜ በወር ሃያ ብር። ጤፍ በየሳምንቱ በቁና እየገዛን እንበላለን። አማቴ ከኮላ ድባ ሊጠይቀን መጣና ገና ሳይቀመጥ ማዕዘን ማዕዘኑን አየ።

«እህሉ የታለ?»

«ቅዳሜ ይገዛል፣ አያ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«እስከ ቅዳሜ የሚሆን አለ።»

«ከዶሮ በምን ትሻላለህ? እሷም የዕለቷን ነው የምትጭረው።»

ገበሬ የዓመት ቀለቡን በጭቃ ጎታ ሞልቶ ካላየ የበላ አይመስለውም። ደሞዝ ብሎ ነገር አይገባውም። በማግሥቱ ልጁን ይዞ ሄደ። እሷም አንድ ቃል አልተናገረችም። የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ አይቷት ይሆናል፣ ጎታው ሰበብ ነው አልሁ። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ «ጎታ ይሙላ» የሚል መልስ ብቻ ይዘው ተመለሱ። ጠላውን ጠጥተው ለእሱ ያደሩ መሰለኝና እነሱንም ጠረጠርሁ።

ሃያ ብር ለኪራይ፣ ለጤፍና ለበርበሬ ነው፤ ጎታ አይሞላም። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ፋይል የሚያመላልስ ሠላሳ አምስት ያገኛል፣ ግን ማንበብ አለበት አሉኝ። በአርባ ዓመቴ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ሀ ሁ ቆጠርሁ። ማንበብ ስችል ቦታውን ሰጡኝ። በጎንደር ለባልና ሚስት ሠላሳ አምስት ብር ይበቃል፤ ለሚመጣው ወርም ይተርፋል። ኖሬበት ነው የምናገረው።

ጎታውን ራሴ ሠራሁ። ጭቃ ከጭድ ሳቦካ አከራይዋ፣ «ምነው፣ ጎታ መሥራት የሴት ነው፤ ሚስትም ራስህ ልትሆን ነው?» አለችኝ። በየወሩ ጤፍ ጨመርሁበት፤ ሲሞላ አማቴ ዘንድ ላክሁ።

አማቴ ልጁን አስከትሎ መጣ። ጎታውን በዘንጉ መታ መታ አደረገው።

«ላዩ ጤፍ ነው። ታቹ ገለባ ነው።»

«ክፈተው፣ አያ።»

ከሥሩ ያለውን ውታፍ ነቀለ። ጤፉ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ዘገነና በር ላይ ወጥቶ አየው።

«ይሄ የእኔ ጤፍ ነው። ለነጋዴ የሸጥሁት።»

«ይሆናል። እኔም ከነጋዴ ነው የገዛሁት።»

ሚስቴ ውታፉን ከእጁ ተቀብላ ቀዳዳውን ደፈነች፤ የፈሰሰውን መጥረግ ጀመረች። አባቷ ከወጣ በኋላ፣ «ያን ለት ምነው ዝም አልሽ?» አልኋት።

«እዚህ ቤት የገባን ለት ጎታ ልሥራ ብዬህ ነበር። በኪራይ ቤት ጎታ ምን ሊረባ ብለህ ሳቅህብኝ።»

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። የሳንጃውን ነጋዴም አልጠየቅኋትም። ነገሩ ያለቀው ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው።