ሥራ መፍታት የተለማመደው ፀጉር አስተካካይ

የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። እኛ ቤት ምሳ ሲጋበዝ እንኳ ከሳህኑ ይልቅ የሚያየው የባለቤቴን ማጅራት ነው። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ማን ነው የቆረጠዎት?" ይላል። ባለቤቴም ጥፋት እንደተገኘበት ሰው አንገቱን ይደፋል። እህቴ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሲጋቡ "እነዚህን ምን አገናኛቸው?" ያለ ብዙ ነበር፤ እኔም ሳልል አልቀረሁም። ያገናኛቸው ጨዋታ ነው። እሷ ክፍል ውስጥ ስታወራ ትውላለች፣ እሱ ደንበኛ ሲያጫውት ይውላል፣ ማታ ተገናኝተው ደግሞ አይጠግቡም።

ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ያለ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንድታስተምር ተቀበላት። ቤቱ በደስታ ቀለጠ። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ጎረቤታችን ወዲያው ደረሰና "በቱሪስት ቪዛ ግቡ፤ ሌላው እዚያው ይስተካከላል" አለ። እህቴ ግን መመሪያውን ሳታነብ የራስ ምታት ክኒን እንኳ የማትውጥ ሰው ናት። ቁጭ ብላ አነበበች። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማር ክልክል ነው። የሥራ ፈቃድ የሚያወጣላት ትምህርት ቤቱ ነው፤ ፈቃዱም ከዚያ ትምህርት ቤት ውጭ አይሠራም። ይሁን፣ እሺ። ስለ ትዳር ጓደኛ የሚለውን ግን አንዴ አንብባ አላመነችም። መልሳ አነበበችው፤ ያው ነው። ባል አብሮ መሄድ ይችላል፤ መሥራት ግን አይችልም።

"ምናልባት በደንብ አልገባኝ ይሆናል" ብላ ቆንስላው ድረስ ይዛኝ ሄደች። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ትሁት ናት፤ ደጋግመን ብንጠይቃትም ፊቷን አላጠቆረችብንም።

"ገንዘብ ሳይቀበል ለጎረቤት ብቻ ቢቆርጥስ?" አለቻት እህቴ።

"እሱም ሥራ ነው። ከተደረሰበት የሁለታችሁም ቪዛ ይሰረዛል።"

"የራሱንስ ፀጉር?" አልኩ እኔ፣ ደሜ ፈልቶ።

"የራሳቸውን ይችላሉ" አለች ሳትስቅ።

ባልየው ሲሰማ ነገሩን አቀለለው። "ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ነው የሠራሁት፤ ትንሽ ብቀመጥ ምን አለበት?" አለ። ቆይቶ ግን እሱንም ሳያሳስበው አልቀረም። "ሄጄ አልቻልኩም ከምል እዚሁ ልሞክረው" ብሎ ፀጉር ቤቱን ለባልደረባው ትቶ እቤት ተቀመጠ። ሕጉን ራሱ ላይ አወጀ፤ በገንዘብም ሆነ በነፃ የሰው ፀጉር መንካት የለም። ሥራ መፍታትም ልምምድ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ አየሁ።

መጀመሪያ ተመችቶት ነበር፤ እስኪበቃው ተኛ። ቀጥሎ ጓዳ ገብቶ ድስቶቹን በቁመታቸው ደረደራቸው። ንጹሑን መጋረጃ አውርዶ አጠበው። ከዚያ ጨዋታ ጠፋው። እህቴን ያስደነገጣት ይሄ ነው። ማታ ገብታ "እንዴት ዋልክ?" ስትለው "ደህና" ብሎ ያበቃል። የአንድ ደንበኛ ነገር ብቻ እያወራ እራት የሚያስረሳን ሰው የሚናገረው አጣ።

"አንተ ሰው፣ አመመህ እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ኧረ ደህና ነኝ እትዬ፣ ውጭ አገር ስላለሁ ነው" አለኝ።

አንድ ቅዳሜ እነሱ ቤት ሳለሁ የድሮ ደንበኛው ልጅ በር አንኳኳች። አባቷ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ታመው ተኝተዋል። "አባባ ከሱ በቀር ማንም አይነካኝም ብለዋል" አለች። እሱ ሚስቱን አየ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "አልችልም፣ ይቅርታ" ብሎ መለሳት። ብዙም ሳይቆይ ግን ማሽኑን ከሳጥን አውጥቶ እየሮጠ ተከተላት።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሽማግሌው በሕመማቸውም መሐል በጢማቸው ጉዳይ እንዴት እንደተሟገቱት፣ መስታወት አምጡ ብለው ራሳቸውን አይተው "አሁን ሐኪሙ ይምጣ" እንዳሉ ነገረን። በላ፣ ጠጣ፣ አሳቀን። ድንገት ትዝ አለውና "ይኸው ዛሬ ሁለታችንንም ከውጭ አገር አባረሩን" አለ። እኔ ሳቅኩ። እህቴ አልሳቀችም።

"ይቅር፤ አልሄድም" አለች።

ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ሥራ ፈትቼ ምን እንደሆንኩ አይተሻል። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ልይሽ? ያውም በኔ ምክንያት? ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ሂጂ" አላት። እኔ ሁለቱንም ተቆጣሁ፤ ባልና ሚስት እንዲህ አይለያይም አልኩ። ማን ሰምቶኝ። ሲነጋገሩ አምሽተው ጠዋት ተስማምተው ተነሡ።

ሦስታችንም ቆንስላው ሄድን። እሱ ውጭ ቀረ፤ እኔ ከእህቴ ጋር ገባሁ። ያችው ሴት ናት።

"ባለቤትዎ አብረው አይሄዱም?"

"አይሄድም።"

"ፈቃዱ እኮ አላቸው። ምክንያቱን ልጻፍ?"

"ሥራ አለው" አለች እህቴ። ድምጿ ንቅንቅ አላለም።

ስንወጣ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። "ለስንት ሰው ሆነ?" አላት። "ለአንድ" አለችው። "ጥሩ ነው" ብሎ ታክሲ አስቆመ። እኛ ከኋላ ገባን፤ እሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከኋላ ሆነን ምንም አይታየንም። ሾፌሩ ግን አንዴ ዞር ብሎ አየውና እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ዘጋው።