የባሕር አረም አግዳሚ

ከቡራዩ ተነስቶ ባሕር ማየት የፈለገ ሰው ድንበር መሻገር አለበት። የብሎኬት ማምረቻችን ሥራ አስኪያጅ ግን ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄዶ በሻንጣው የደረቀ የባሕር አረም ይዞ ተመለሰ። ተፈጭቶ ከሲሚንቶው ጥቂቱን ይተካል፣ ብክለት ይቀንሳል አለን። ሐሳቡ አያስቅም፤ በልኩ መጥነን የሠራነው የመጀመሪያው ናሙና ጠንክሮ ነበር። የሚያስቀው ዱቄቱ ሲያልቅ የመጣው ነው።

«ገፈርሳ መንገድ ዳር ካለው ኩሬ አረንጓዴውን አምጡ» አለ። «አረም ያው አረም ነው።»

እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፣ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ። ቋሚ ካልሆንኩ ወደ ሰበታ፣ ወላጆቼ ቤት መመለሴ ነው።

«ይሄ አልተፈተሸም፤ ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ሊያደርግ ይችላል» አልኩት። ድምፄን ሚክሰሩ ዋጠው። ጠጋ ብዬ ስደግመው «አንቺ ደግሞ ሁሌ ስጋት» ብሎኝ ሄደ።

አዲሱን ምርት በእንግዶች ፊት ለማስመረቅ በኩሬው አረም አግዳሚ ወንበር ተሠራ፤ አረንጓዴም ተቀባ፣ ባሕር ባሕር እንዲል መሰለኝ። በምረቃው ጠዋት ጎኑን በጣቴ ጫን ባደርገው ጣቴ ገባ።

የሚመርቁት የሰፈሩ አዛውንት መጡ። እንግዶቹ ተሰብስበዋል።

«አባባ፣ የመጀመሪያው ተቀማጭ እርስዎ ነዎት» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

ከጥበቃው ቤት የፕላስቲክ ወንበር አምጥቼ ከኋላቸው አስቀመጥኩ። «እዚህ ይቀመጡ አባባ። ያኛው አልጠነከረም።»

ሚክሰሩ ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

አዛውንቱ አግዳሚውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፕላስቲኩ ላይ ተቀመጡ። «ገለቶሚ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «ኢንጂነር፣ አንተ ተቀመጥበታ። የራስህ ሥራ አይደል?»

ምን ያድርግ፣ ተቀመጠ። ስለ ዘላቂ ግንባታ ማብራራት ጀመረ። አግዳሚው አልተሰበረም፤ መሐሉ ቀስ እያለ ወረደ፣ እሱም እያብራራ አብሮ ወረደ።

«ምርቃቱን ልጀምር» አሉ አዛውንቱ፣ «ወይስ መሬት እስክትደርስ ልጠብቅህ?»

ሰኞ ቢሮው ጠራኝ። «በራሱ ወደ አፈር የሚመለስ ኮንክሪት ብለን እናቀርበዋለን። ገለጻውን አንቺ አዘጋጂ፤ የቋሚነትሽን ነገር ከዚያ እናያለን።»

«አላዘጋጅም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

ደገምኩለት።

ይህን የምጽፈው ሰበታ ሆኜ ነው። በቡራዩ በኩል ሳልፍ ኩሬውን አየዋለሁ፤ አረሙ ተጠርጎ ጥርት ብሏል። ለአካባቢ ጥበቃ ያደረግነው ነገር ቢኖር እሱ ነው።