ስልኩ የማያውቀው ነፋስ

ጀርባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት በልጄ ስልክ ላይ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ተሸክሜው ስዞር ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሳቋን አፍና ይዛ፣ «አባዬ፣ ይሄ አንተ ነህ እንዴ?» ብላ ስልኩን አቀበለችኝ።

ስልኩ ውስጥ አንድ ጎባጣ ሽማግሌ ሣር ላይ ቆሟል። ሱሪው ከኋላ ተንጠልጥሏል። የጎልፍ ዱላውን ምስማር እንደሚመታ ሰው አጠር አድርጎ ያነሳና ቋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወገቡን ይዞ ኳሷ የት እንደደረሰች በዓይኑ ይፈልጋል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «እንደዚህ አይመታም» የሚል ተጽፏል። ቀጥሎ ሌላ ሽማግሌ ብቅ ይላል። ባልንጀራዬ ነው። ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ዳሌውን እያዞረ ትክክለኛውን አመታት ያስተምራል። የእሱ ኳስ የት እንደወደቀች ግን ቪዲዮው አያሳይም። እኔ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ነበርኩ። ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የገባችው።

በማግስቱ ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በታክሲ ስሄድ ረዳቱ ደጋግሞ አየኝና የሆነ ቦታ እንደሚያውቀኝ ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ ትዝ አለው። በአንድ እጁ በሩን እንደያዘ በሌላው የእኔን ምት ለተሳፋሪው አሳየ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ አሳምሮ ነው የመታው። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ። ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ እየሄድኩ በቀል አሰብኩ። በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ንስሐ ማሰብ ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። እሱንም አሰብኩ፤ ግን ከበቀሉ በኋላ እንዲሆን ወሰንኩ።

እኔና ባልንጀራዬ ልጆች ሳለን ካዲዎች ነበርን፤ የጎልፍ ተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከምን ቀኑን ሙሉ ሜዳ የምንዞር። ጌቶቹ ሲሄዱ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የጠፋ ኳስ እየመታን ተማርን። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ቦርሳውን አስቀምጬ አየር ጤና ጋራዥ ገባሁ፤ ባትላሜራ ሆንኩ። የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እያቃናሁ አርባ ዓመት ኖርኩ። ምቴ አጭር የሆነው ለዚህ ነው። ፓራፋንጎ የሚያቃና ሰው መዶሻውን ከጆሮው በላይ አያነሳም፤ ካነሳ ቆርቆሮውን ይበሳዋል። አያምርም፤ ግን ኳሷ ባልኳት ቦታ ትወርዳለች። በጋራዡ በር የገባሁ ቀን ደግሞ ሁለተኛ የሰው ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አላደርግም ብዬ ማልኩ። የማልኩትን ሁሉ ያፈረስኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን ብቻ ግን ጠብቄያት ነበር።

አሁን የቀድሞ ካዲዎች አራት ቀርተናል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሜዳው ጭር ስለሚል እንድንጫወት ይፈቅዱልናል። እኛም የራሳችን ሕግ አለን። ሁለት ሰው ከተጣላ በዘጠኝ ጉድጓድ ይለያያል፤ የተሸነፈው እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ሰኞ ሰኞ የአሸናፊውን ቦርሳ ይሸከማል። ቦርሳ ተሸክሞ ላደገ ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። ሌላም ሕግ አለ። በልጅነታችን ጌቶቹ ምክራችንን አይሰሙም ነበር። ነፋስ አለ ስንላቸው ዝም ብለህ ተሸከም ይሉናል። ስለዚህ እኛው ለእኛው ስንጫወት የተሸካሚው ቃል የመጨረሻ እንዲሆን ተስማማን። መቺው ቦርሳውን አይከፍትም። ተሸካሚው የሰጠውን ዱላ ተቀብሎ ይመታል፤ ጥያቄ የለም።

ባልንጀራዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስልክ ገዝቶ ተማሪ ሆነ። በየሰኞው አዲስ ትምህርት ይዞ ይመጣል። አንድ ሳምንት ምስጢሩ ያለው ክርን ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ዳሌ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ የግራ አውራ ጣት ላይ ይወጣል። እኔ በጊዜው መክሬዋለሁ። የቪዲዮው አስተማሪ ያንተን ጉልበት አላየም፣ በአንድ ወቅት ከመሰላል መውደቅህን አያውቅም፣ የሚናገረው ለሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው አልኩት። መልሱ ምን ነበር? እኔን እንደ ምሳሌ ቀርጾ ማውጣት።

ሰኞ ስንገናኝ በሰው ፊት ለጨዋታ ጠራሁት።

«አንተ እኮ ቂመኛ ነህ» አለኝ።

«ቂመኛ አይደለሁም። ቦርሳዬ ከብዶኝ ነው።»

ሁለቱ ጓደኞቻችን ሳቁ። ጨዋታው ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ብልጥ ነኝ ብዬ አረፍኩ። ዝም ብዬ በመዶሻ ምቴ ብመታ እንደማሸንፍ አውቅ ነበር፤ ግን ለእኔ ማሸነፍ አነሰኝ። ሰውዬው ኳሷ ላይ ቆሞ መምታት ሲያቅተው ማየት ፈለግኩ። ልጄን ቪዲዮ እንዴት እንደሚላክ አሳዪኝ አልኳት። ዘመናዊ ሆንክ ብላ ደስ አላት፤ ምስኪን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን ከበላሁ በኋላ ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ የጎልፍ ምክር እየመረጥኩ ለባልንጀራዬ መላክ ሆነ ሥራዬ። ዛሬ ክርንህን አጣብቅ የሚለውን እልካለሁ፤ ነገ ክርንህን ልቀቅ የሚለውን። ጠዋት ጉልበት እጠፍ፣ ከሰዓት ጉልበት አታጥፍ። ሁሉንም «ለአንተ ብዬ ነው» ብዬ። እሱ ለእያንዳንዷ ያመሰግነኛል። ሰላም አወረድን መስሎት በስልክ ደውሎ ስለ አውራ ጣት ግማሽ ሰዓት አወራኝ።

የጨዋታው ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት የቆሼ፣ የዚያ የቆሻሻ ተራራ፣ ሽታ ተቀበለኝ። ለዘነበወርቅ ሰው ይህ የአየር ትንበያ ነው። ሽታው እኔ ጋ ከደረሰ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳና ሜዳው ላይ ኳስ ወዴት እንደሚገፋ አውቃለሁ። ባልንጀራዬ የሚኖረው ሽታው በማይደርስበት ሠፈር ስለሆነ ይህ ትምህርት አልደረሰውም። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

መርዙ ሠርቶ ጠበቀኝ። ባልንጀራዬ ኳሷ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ክርኑን ያጣብቃል፣ ይለቃል፤ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፤ ተረከዙን አይቶ ሰማዩን ያያል። ሲመታ ኳሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። ከአራት ጉድጓድ ሦስቱን ወሰድኩ፤ አንዱን እኩል ወጣን። የትኛውን ቦርሳ እንደማሸክመው አሰብኩ፤ ከበድ ያለ ነገር ልጨምርበትም ፈለግኩ። እቤት አንድ አሮጌ መዶሻ ነበረኝ።

አምስተኛው ላይ ዱላዬን አነሳሁ። አንድ ድምፅ መጣብኝ። የግራ አውራ ጣትህስ?

በሕይወቴ ስለ አውራ ጣቴ አስቤ አላውቅም፤ ባትላሜራ ስለ አውራ ጣቱ የሚያስበው መዶሻው ካረፈበት ብቻ ነው። አሁን ግን አየሁት። ከእሱ ወደ ክርኔ ሄድኩ፤ ከክርኔ ወደ ዳሌዬ። ለካ ለጠላት የሚሆን መርዝ ስመርጥ እያንዳንዱን እየቀመስኩ ነበር። ከመላኬ በፊት ሁሉንም እስከ መጨረሻው ነበር የማየው፤ አንዳንዱን ሁለቴ። መታሁ። ዱላው አፈሩን ገመሰው፤ ኳሷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ባልንጀራዬ መጀመሪያ አንገቱን አስግጎ አየ። ሁለተኛውን ስስት ሳቀ። ሦስተኛው ላይ መሬት ተቀመጠ። እንባውን እየጠረገ ተነሳና የራሱን ኳስ ሳያስብባት መታት። ሳቁ ትምህርቱን በሙሉ ከጭንቅላቱ አስወጥቶለት ነበር፤ ያ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ የሚመታው ልጅ ተመልሶ መጣ። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ወሰደ። ስምንተኛው እኩል ወጣ። ዘጠነኛው ላይ እኔ የወገቤን አቅጣጫ ሳስተካክል ቆሜ ቀረሁ፤ እሱ ጨርሶ ጉድጓዱ ጋ እየጠበቀኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ቦርሳውን አሸከመኝ። ማሰሪያው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የድሮ ቦታውን ወዲያው አገኘው፤ እንደማያፍር ዘመድ መጥቶ ተቀመጠ። ባልንጀራዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እኔ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ እከተላለሁ፤ ሕጉ ነው። እሱ አልበቃ ብሎት ዞር ብሎ ቀረጸኝ። ማታ ልጄ አሳየችኝ። ከሥሩ «እንደዚህ ነው የሚሸከሙት» ይላል። ይህንኑ የታክሲው ረዳትም ሳያየው አልቀረም።

እዚያ ድረስ እሺ። ሽንፈቴን በራሴ እጅ ነው የሠራሁት፤ ችዬ እሸከም ነበር። ግን የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ጋ ደረሰና ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ልክ እንደ ድሮ ጌቶች። ዱላ ስጠኝ ማለቱ ነው። ያችን የተዘረጋች መዳፍ አየሁና ደሜ ፈላ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው ሕጋችን ትዝ አለኝ። የሰጠሁትን ተቀብሎ ይመታል።

በጎልፍ የዱላው ቁጥር ባነሰ መጠን ኳሷ ትርቃለች። ባንዲራው ድረስ የሚበቃው ስምንት ቁጥር ነበር። ስድስት ቁጥር ሰጠሁት። ነፋሱ ከፊትህ ነው፣ ጠበቅ አድርገህ ምታ አልኩት። ነፋሱ ከጀርባው ነበር፤ ጠዋት በሬ ላይ አሽትቼዋለሁ። ኳሷ ባንዲራውን አልፋ፣ ሣሩን አልፋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ባልንጀራዬ ቦዩን አየ፤ ከዚያ ክርኑን አየ።

«ክርኔ ነው» አለ።

«ክርንህ ነው» አልኩት።

ቁጥሩን ቢያነበውም አይጠቅመውም። አመታቱን በየሳምንቱ ስለሚለውጥ በየትኛው ዱላ የት እንደሚደርስ ራሱም አያውቅም። በዚያን ቀን በሁለቱም ጓደኞቻችን ተሸነፈ። በሚቀጥለው ሰኞም እንዲሁ። ማታ ማታ ስለ ክርኑ ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩም ይመልስለታል፤ ብዙ ነው የሚመልስለት። የኋላው ሽማግሌ ምን እያደረገ እንደሆነ ግን አይነግረውም።

ሦስተኛው ሰኞ ላይ ትንሽ ተሸነፍኩ፤ ለልቤ ማለቴ ነው። ትክክለኛው ዱላ ሳላስበው እጄ ውስጥ ገባ፤ የድሮ ካዲነቴ መሆን አለበት። ሰጠሁት። ነፋሱንም እውነቱን ነገርኩት። መታ፤ ኳሷ ዘወር ብላ ወጥታ ከባንዲራው ሥር አረፈች። እንደዚያ ያማረ ምት በዚህ ሜዳ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደስ ሲለኝ ራሴን ያዝኩት፤ ቦርሳውን ረስቼ ላጨበጭብ ነበር። ባልንጀራዬ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ዓይኑ በርቷል።

«አየህ ክርኔን?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ እንደገና ከፊቱ ሆነ።

የስልክ ምክር ይሰማ አይሰማ ብለው ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ታዋቂ ስለሆንኩ። ለእኔ አይሆንም፤ አውራ ጣቴን ለመርሳት አሁንም እየታገልኩ ነው። ባልንጀራዬ ግን ሳያቋርጥ ቢሰማ እወዳለሁ፤ ጥሩ ጥሩውን በርዕሱ እየመረጥኩ ዛሬም እልክለታለሁ፤ ሳላየው። ክረምት እስኪገባ አምስት ሰኞ ይቀራል። ይህን ጽፌ ማውጣቴ አያሰጋኝም። እሱ ማንበብ ከተወ ቆይቷል፤ የሚያየው ቪዲዮ ብቻ ነው።