ኤልያስና የታመሙት ዓሦቹ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለ የጥርስ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ ካለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ ጎኗን ድንጋይ ላይ ስታሽ አየሁ። ጠጋ ብዬ ተመለከትኳት። ክንፏ ላይ ጨው የተበተነ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ጥርሴን ረሳሁት፤ ታናሽ ወንድሜ ኤልያስ ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ኤልያስ ከመልካ ጀብዱ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታለት ሐኪሙ በክራንች መራመድ እንዲለማመድ አዘዘው፤ እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። ኳስ ተጫዋች ነበርና በክራንች ሲሄድ የሰፈሩ ሰው እንዲያየው አልፈለገም። እናታችን ፓፓያም ትኩስ ሳምቡሳም ብታቀርብለት፣ ቀመስ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ባቡር ላይ የሚሠራው አጎታችን ሙሉጌታ አዘነለትና ትናንሽ ዓሦች ከነገንዳቸው፣ አየር ከሚነፋላቸው ትንሽ ሞተር ጋር ከጅቡቲ አመጣለት። አልጋው አጠገብ አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ዓይኑን ከእነሱ መንቀል አቃተው።

ታኅሣሥ ገባ። ለእኛ ለድሬ ሰዎች ያ ወር ገነት ነው፤ ሙቀቱ ለቆን መስኮት ከፍተን የምንተኛበት። ለዓሦቹ ግን እንደዚያ አልነበረም።

«ነይ እያት፣ ገላዋን እያሳከካት ነው» አለኝ ኤልያስ አንድ ጠዋት፣ አንዷን ዓሣ እያሳየኝ።

«ውሃው ቆሽሾ ነው፤ እቀይረዋለሁ።»

«አቦ ቆሻሻ አይደለም! ትናንት ትንሽ ነጭ ነገር ነበረባት፣ ዛሬ በዝቷል። ክንፏንም አጥፋ ነው የምትዋኘው።»

እውነቱን ነበር። ሌሎቹንም ያዛቸው። አጎታችን ጅቡቲ ያለውን ሻጭ ጠይቆ ደወለልን። «ብርድ አዳክሟቸው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ይዟቸዋል» አለ። «ውሃውን ቀስ እያላችሁ አሙቁት። ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው በልኩ አሟሙታችሁ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ሳታሳድሩ እንዳትጨምሩ። ነጠብጣቡ ሲጠፋም ዳኑ ብላችሁ አታቋርጡ፤ በሽታው አሸዋው ውስጥ ይራባል። ደግሞ የሞቀ ውሃ አየር ያንሰዋል፤ ሞተሩ እንዳይቆም!»

ከቀፊራ ገበያ የአፋር ጨው ገዝቼ ወቀጥኩ። ሙቅ ውሃ የሞላንባቸውን ጠርሙሶች ገንዳው ላይ እያንሳፈፍን አሞቅነው። ከሁሉም ትንሿ ዓሣ ግን ሞተች፤ ኤልያስ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። እኔ የፈራሁት ለዓሦቹ ብቻ አልነበረም። እነሱ ካለቁ እሱም አብሮ ተስፋ የሚቆርጥ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኮሌጅ ስመለስ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፤ መብራት ጠፍቷል። ሞተሩ ትዝ ሲለኝ እየሮጥኩ ገባሁ። እናታችን ገበያ ሄዳለች። ኤልያስ አንዱን ክራንች ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆሟል፤ በጆግ ከገንዳው ውሃ እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ያንቆረቁራል፣ አየር እንዲገባበት። ሸሚዙ ረጥቧል፣ ክብደቱን በደኅነኛው እግሩ ላይ ጥሏል። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ይተነፍሳሉ።

«ተነሥተህ ቆምክ?» አልኩት ደንግጬ።

«ታፍነው ሲሞቱ ተኝቼ ልይ? አትቁሚ፣ ጣሳ አምጪ!»

መብራት እስኪመጣ ድረስ እየተፈራረቅን አንቆረቆርን። የቀሩት ዓሦች ተረፉ። ከቀናት በኋላ ገላቸው ጠራ፤ እኛ ግን እንደተባልነው ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ቀጠልን። ኤልያስም ከዚያ ቀን ጀምሮ በክራንች መራመዱን አልተወም፤ መጀመሪያ እስከ በር፣ ቀጥሎ ጓደኞቹ እስከሚጫወቱበት ሜዳ ሄደ። ኳስ ተመልሶ አልተጫወተም፤ ዛሬም ትንሽ ያነክሳል። ግን ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ክሊኒኩ ውስጥ ላለችው እንግዳ ተቀባይ ስለ ዓሣዋ ነገርኳት። መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ኋላ ወንበሯን ስባ ከገንዳው ፊት ተቀመጠችና «የቷ ናት?» አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

ያኔ ሐኪሙም እናታችንም እኔም ተነሥ ብለን ለምነነው ነበር፤ እሱ ግን አልሰማንም። የተነሣው ያለ እሱ የማይተርፍ ነገር ፊት ለፊቱ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ልጠይቅ ስሄድ፣ አይዞህ ብዬው ብቻ አልመለስም፤ አንድ የሚንከባከበው ነገር እተውለታለሁ።