በአጥሩ ማዶ ያፈራው ኮክ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከሮቤ ሚኒባስ ወርጄ ጎባ እናቴ ቤት ስገባ ግቢው ባዶ ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ሁሴን ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው በኦሮምኛ ጀምረው «ኮቱ፣ ና እስቲ ወደዚህ» አሉኝ። ሳቃቸውን አፍነው ይዘዋል...

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የእማዬ አያት ከዘማቾች ጋር ከመንዝ መጥቶ ጎባ የሰፈረ ሰው ነው። የኮክ ዘር በኩታው ጫፍ ቋጥሮ መጥቶ «ይሄ ሳያፈራ አገሬ እገባለሁ» ብሎ ተከለው አሉ። ኮኩ አፈራ፣ እሱ እዚሁ ቀረ። በየዓመቱ መጀመሪያ የበሰለውን ሳይበላ ደጋግሞ ያሸተው ነበር ትላለች እማዬ። ይሄን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል።

ያ ዛፍ አርጅቶ ደረቀ። ከስሩ፣ አጥሩ ጥግ፣ አንዲት ችግኝ በቀለች። እኔ ደግሞ አትክልተኛ ነኝ ባይ... አናቷን ቆርጬ የፕሪም ቅርንጫፍ ሰካሁባትና በላስቲክ ጠቅልዬ አዳቀልኳት።

«ኮኩስ?» አለችኝ እማዬ።

«ስሩ ኮክ ነው፣ ላዩ ፕሪም።»

«ስር ይበላል እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከተዳቀለበት በታች ለሚወጣ የኮክ ቅርንጫፍ ምሕረት አልነበረኝም። ካልተቆረጠ የላይኛውን ምግብ ይሻማል። ሳምንት ሳምንት መቀሴን ይዤ ከች ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ኦቦ ሁሴን ግቢ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? በአጥራችን ቀዳዳ የሾለከ ረጅም ቅርንጫፍ በባላ ተደግፎ ኮክ ተንዠርግጎበታል። እማዬ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንዱን ፍሬ ታሸታለች።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«አንተ የምትቆርጠው ነዋ። አንዱን ገና ለጋ ሳለ ወደዚህ አሾለክሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ስለ ዛፍ ልታስተምረኝ ነው።»

ኦቦ ሁሴን አላስቻላቸውም። «ወላሂ፣ አንተ ስትመጣ እኔ ነኝ በጆንያ የምሸፍነው» አሉ።

እማዬ ገመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። «እሱ ነው» አለች። «አያቴ አገሬ ሲል ምን እንደሚያመው አይገባኝም ነበር። አሁን እሱ ራሱ ናፈቀኝ።» እንባዋ ወረደ። እኔም የማላውቀው ሰው ናፈቀኝ።

ቅድመ አያቴ ያኔ ሲሰፍር የተሰጠው መሬት የኦቦ ሁሴን አያት ማሳ ነበር። በሁለታችንም ቤት ይታወቃል፣ አይወራም። የዚያን ቀን ግን ሽማግሌው ቀስ ብለው አነሱት።

«አያትሽ እዚያ ሆኖ መንዝን ይናፍቃል። አያቴ እዚህ ሆኖ በአጥሩ አሻግሮ ማሳውን ያያል። ሁለቱም እንደናፈቁ ሄዱ።»

እማዬ በልታ ስትጨርስ ዘሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠቻቸው። «በእርስዎ በኩል ይትከሉት፣ ኦቦ ሁሴን።»

ተቀብለው በፎጣቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ፕሪሜ እስካሁን አንዲት ፍሬ አላሳየችኝም... የፊታችን ቅዳሜ መቀሱን ሮቤ ትቼው ነው የምመጣው።