አስቴር መሬት የረገጠች ጊዜ

ልጅ እያለሁ ጂንካ ውስጥ ከእኔ በላይ ሕፃን ማዘል የሚችል ወንድ ልጅ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እህቴ አስቴር ሁለት ልትደፍን ጥቂት ወራት ቀርቷታል። እናታችን ገበያ ላይ ቦሎቄና በቆሎ ስትሸጥ እኔ አስቴርን በነጠላ አዝዬ እውላለሁ። አዝያት ኳስ እጫወታለሁ፤ አዝያት ከብት የሚግጥበትን የከተማውን የአውሮፕላን ሜዳ አቋርጣለሁ። የላቧና የቅቤዋ ሽታ ከሸሚዜ አይለቅም ነበር። ጓደኞቼ "ሞግዚቷ መጣች!" እያሉ ያበሽቁኛል። ግድ አልነበረኝም፤ ልጅ ያዘለ ሰው ውሃ ቅዳ አይባልማ።

አስቴር ግን አልቆመችም። እኩዮቿ ዶሮ ሲያባርሩ እሷ ካስቀመጧት ቦታ አትነሣም። ጤና ጣቢያ ያያት ሐኪም እግሯ ጤነኛ ነው ብሎ ነበር። እናቴ አላመነችም። ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስጸለየችላት፤ "በቃ እንዲህ ሆና ልትቀር ነው" እያለችም ታለቅስ ጀመር። እኔም አብሬያት አለቅስና ተመልሼ አዝላታለሁ።

ከሰፈራችን ጫፍ የታምሩ እናት የምንላት አንዲት የአሪ ብሔረሰብ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰው ድስቷን ይገዛል እንጂ ደጇን አይረግጥም። የእኛም ቤት ሕግ ይኸው ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። አንድ ቀን በአጥሯ ሥር ሳልፍ ያየሁት ነገር አስቆመኝ። መሬቱን ቆፍራ፣ ዙሪያውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ትንሹን ልጇን እስከ ወገቡ ጉድጓዱ ውስጥ አቁማዋለች። ልጁ ከፊቱ ያለውን ጭቃ እየጠፈጠፈ ይስቃል። እሷ አጠገቡ ሥራዋን ትሠራለች።

"አንተ ልጅ" አለችኝ ቀና ብላ። "ይቺ ልጅ መሬት የምትነካው መቼ ነው?"

"አትነካም፤ ትቆሽሻለች" አልኩ።

"መሬት ቆሻሻ ነው? ታዲያ እናትህ ወጥ የምትሠራው በምንድን ነው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "እግር አላት። ሥራ ነው የሌላት። ሥራዋን አንተ ወሰድክባት" አለችኝ።

ተናድጄ ሄድኩ። በማግስቱ ግን ለእናቴ ሳልነግር ተመለስኩ።

የታምሩ እናት አስቴርን ጉድጓዱ ውስጥ ስታቆማት ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። ጭቃ ሲሰጣት ዝም አለች። በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ቆየች። ጉልበቷ ሲጠና የታምሩ እናት ከጉድጓዱ አወጣቻትና ለቅዳሜ ገበያ የተዘጋጁትን ማሰሮዎች ደፍታ በረድፍ ደረደረችላት። አስቴር አንዱን ትለቅና ሌላውን ትይዛለች። ሴትዮዋ ደግሞ በየቀኑ ማሰሮዎቹን ጥቂት ጣት ያህል ታራርቃቸዋለች። አስቴር ይህን አላወቀችም።

አንድ ዓርብ ቀን ተንገዳግዳ ወደቀች፤ ማሰሮውም አብሯት ወድቆ ተሰበረ። ላነሣት ስሮጥ የታምሩ እናት ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘችኝና ስባሪውን በእግሯ ገፋ አደረገች።

"ተዋት!"

"ማሰሮሽ እኮ ተሰበረ!"

"ማሰሮ ነገም እሠራለሁ። እግር መሥራት አላውቅም።"

አስቴር እያለቀሰች ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። እንደዚያ የከበደኝ ነገር በዕድሜዬ ጥቂት ነው። አልሄድኩም። እልህ ይዟት መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። ያን ጊዜ ነው እናቴን ያየኋት፤ ስትፈልገን ቆይታ አጥሩ ጋ ቆማለች። ዱላ ጠበቅኩ።

"እማ!" አለች አስቴር። ማሰሮም ሰውም ሳትይዝ ሦስት እርምጃ ሄደች፤ አራተኛውን ጨመረችና ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የቀረውን መንገድ እናቴ መጣች። ረግጣው የማታውቀውን ግቢ ገብታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

"ኧረ ቀሚስሽ!" አለቻት የታምሩ እናት። እናቴ ጭቃ የለበሰውን የሴትዮዋን እጅ ይዛ ሳመችው።

የታምሩ እናት ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ሰውንም መምከር እወዳለሁ። ሆኖም የመጨረሻው ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ገና አፉን አልፈታም ነበር። "ተናገር!" እያልኩ ተቆጥቼዋለሁ። ጣቱን በቀሰረ ቁጥር ሮጬ የማቀብለው እኔው መሆኔን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። በልጅነቴ አንዲት ሸክላ ሠሪ በአጥር ቀዳዳ አይታ የሰው ልጅ ጉዳይ ጉዳዬ ነው አለች። ዛሬ ማንንም አንጸየፍም እንላለን፤ የግንብ አጥራችን ግን ወደ ውስጥ አያሳይም።

አሁን ልጄ በጣቱ ሙዝ ሲያሳየኝ "ሙዝ" ብዬ ስሙን እጠራለትና ዓይን ዓይኑን እያየሁ እጠብቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ተናዶ ለረጅም ጊዜ አፈጠጠብኝና "ሙ" አለ። ቃሉን እስኪጨርሰው ልጠብቅ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። አንድ ጠየቀኝ፣ ሁለት ላጥኩለት።