ከኪሮስ ደጅ የመጣ ድንጋይ

ከወለጋ የተነሣሁት ለአንድ ድንጋይ ስል ነው። አለቃዬ ሁለት ሳምንት ፈቀደልኝ፤ «ካጣኸው ግን የወጪውን ነገር አንተው ታስረዳለህ» ብሎ።

ድንጋዩ ፔሪዶታይት ይባላል። ቦታው ከምድር ቅርፊት ሥር፣ ማንትል በሚባለው ክፍል ነው። የጥንት ባሕር ተዘግቶ ሁለት የብስ ሲጋጠሙ ተገፍቶ ይወጣና ተራራ መሃል ተሰክቶ ይቀራል። ከላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነው፤ በመዶሻ ሲሉት ውስጡ አረንጓዴ። ወለጋ ውስጥ ሳጠናው ናሙና የሚሸከምልኝ ኪሮስ የሚባል ሰፋሪ ነበር። በድርቁ ጊዜ ከዋግ እህል ፍለጋ ወርዶ ሳለ ለሰፈራ ተጭኖ የመጣ ነው፤ መመለስም አይፈቀድለትም። አንድ ቀን የሰበርኩትን አገላብጦ አየና፣

«ኢንጂነር፣ ይኸ እኮ በእኛ ደጅ አለ። እናቴ የምትቀመጥበት ድንጋይ ነው። ከሄዱ ሰላም ይበሉልኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አላረፈም። ድንጋዩ እስከ ዋግ የሚዘልቅ ከሆነ የአገሩ የድንጋይ ካርታ ይለወጣል፤ የሚለውጠውም እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ካርታ ሲቀባ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰቆጣ

ከኮረም በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አቧራ ስቅም ዋልኩ። በየኬላው ወታደሮች የይለፍ ወረቀቴን አይተው ስለ መዶሻዬ ይጠይቁኛል። «ድንጋይ ልሰብርበት» ስል ይስቃሉ።

ሰቆጣ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ጠጥቼ፣ ጨርቅ የሚሸጡትን አቶ እንድሪስን አገኘሁ። የኪሮስን እናት፣ እማማ ብርነሽን፣ ያውቋቸዋል። ሴትዮዋ አማርኛ ብዙም ስለማይችሉ አብረውኝ ሊሄዱ ሱቃቸውን ዘጉ።

«ለድንጋይ ብሎ ከወለጋ የመጣ ሰው ብቻውን አይለቀቅም» አሉኝ።

ወደ አበርገሌ ቁልቁል

በማግስቱ በበቅሎ ወረድን። ብርዱ ቀረ፤ ማሽላው ጀመረ። ቡናማ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ወርጄ እሰብራለሁ። ውስጡም ያው ቡናማ ነው።

«በዚህ አያያዝህ ለከርሞ እንደርሳለን» አሉ አቶ እንድሪስ።

እማማ ብርነሽን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የልጃቸውን ስም ስጠራ ተነሡና ሁለት እጆቼን ያዙ። አገላብጠው አዩዋቸው፤ በአገውኛም አንድ ነገር አሉ።

«እነዚህ እጆች ነክተውታል ወይ? ነው የሚሉህ» አሉኝ አቶ እንድሪስ።

«አዎ፣ እማማ፣ ነክተውታል።»

እስኪመሽ ጥያቄ ሆነ። ይበላል? ሳሉ ተወው? አግብቷል? እውነቱን ለመናገር እኔ ዓይኔ ሲቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ጠርዙን መታሁት። ከላይም ግራጫ፣ ከውስጥም ግራጫ።

«አረንጓዴ ድንጋይ የለም?»

«አረንጓዴ?» አሉ በዚያች ባለቻቸው አማርኛ። «የአገራችን ድንጋይ እንዲህ ነው፣ ልጄ።»

ማልቀስ ዳዳኝ። ስሰናበት ኪሮስ ማጭድ ይስልበት የነበረውን፣ መሃሉ የጎደጎደ ድንጋይ ከቤት አውጥተው ሰጡኝ። መንገዱን ሁሉ ክብደቱን ስረግም ተመለስኩ።

ወለጋ

ኪሮስ ከሩቅ አይቶኝ ሮጦ መጣ። የምቆጣውን ቁጣ ሳሰላስል ነበር የደረስኩት።

«በደጃችሁ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም!»

መሳያውን ከእጄ ተቀብሎ አውራ ጣቱን ጎድጓዳው ውስጥ አስገባ።

«አውቃለሁ፣ ኢንጂነር።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«እናቴን ይዩልኝ ብልዎት ይሄዱልኝ ነበር?»

ለድንጋይ አገር ያቋረጥኩ ሰው፣ ለእሱ እናት ግማሽ ቀን እንደማልሄድ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። በሪፖርቱ ላይ «አልተገኘም» ብዬ መጻፌ የኋላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን መዶሻዬን አስቀመጥኩና፣

«እናትህ እነዚህን ይዘዋቸው ነበር» ብዬ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁለት።